ቀለም የተቀባው ወይስ የቆመው? ለማደስ የሚገዛ አሮጌ ፒክአፕ ላይ ምን ይታያል

ጥያቄ፦ “ለማደስ የሚሆን አሮጌ ፒክአፕ እየፈለግኩ ነው። ሁለት ዳትሰን 620 አግኝቻለሁ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ ናቸው። አንደኛው በቅርቡ ቀለም ተቀብቷል፣ ሞተሩም ቁልፍ እንደዞረ ይነሳል፣ ቆጣሪው 61,000 ኪሎሜትር ይላል። ሁለተኛው ለዓመታት የቆመ ነው። ቀለሙ ለቋል፣ ሞተሩ አይዞርም፣ ዕቃው ግን ሁሉም በቦታው አለ። የመጀመሪያው ዋጋ የሁለተኛውን እጥፍ ገደማ ነው። መካኒክ ወንድሜ ‘ሞተሩ የሚሠራውን ግዛ፤ ቦዲ ምን ችግር አለው’ ይለኛል። ምን ምን ልይ? የቱንስ ልግዛ?”

ምላሽ፦ የወንድምዎ ምክር ለዕለት ሥራ መኪና ለሚገዛ ሰው ልክ ነው። ነገ ጠዋት ዕቃ ጭኖ መውጣት ያለበት ሰው የሚነሳ ሞተር ያስፈልገዋል። እርስዎ ግን የሚገዙት ለማደስ ነው። ለማደስ ሲገዛ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ሰነዱ ይታያል፣ ቀጥሎ ሻንሲው (መኪናውን ከሥር የሚሸከመው ብረት)፣ ከዚያ ጋቢናው፣ ከዚያ የዕቃው ሙሉነት። ሞተር መጨረሻ ላይ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሞተር የቱንም ያህል ቢሞት ወጪው አስቀድሞ ይገመታል። ይወርዳል፣ ይፈታል፣ ይለካል፤ ፒስተኑ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ብሮንዚኑ፣ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ይቆጠራል። ጀነራሌ (የሞተር ሙሉ እድሳት) የሚሠራ ሰው ከመጀመሩ በፊት ግምቱን ሊነግርዎ ይችላል። ብዙዎቹ 620ዎች የያዙት የኤል ቤተሰብ ሞተር ደግሞ ዳትሰን በብዙ መኪኖቹ ላይ የገጠመው ነው፤ 510 የሚባለው የቤት መኪናም ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ ሞተር ነበረው። ስለዚህ ከፒክአፑ ላሜራ ይልቅ የሞተሩ መለዋወጫ በቀላሉ ይገኛል። ዝገት ግን እንዲህ አይደለም። ተቆርጦ እስኪከፈት ድረስ ስፋቱን በእርግጠኝነት የሚነግርዎ ሰው የለም። ብዙ የእድሳት ሥራ መሃል ላይ ተጥሎ የሚቀረው ሞተር ስለከበደ ሳይሆን ቦዲው ተከፍቶ የተገኘው ከተገመተው በላይ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ። “ተቀብቶልኛል፣ አንድ ወጪ ቀረልኝ” ብለው አስበው ከሆነ ይህን ይተዉት። በትክክል የሚታደስ መኪና ላይ ያ ቀለም መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ ለቀለሙ አንዴ ለሻጩ ይከፍላሉ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለሚልጥልዎት ሰው። አዲስ ቀለም ሁሉ ማታለል ነው እያልኩ አይደለም። ግን ለሽያጭ ተብሎ የተቀባ ቀለም ማየት የሚፈልጉትን ነገር ይሸፍንብዎታል። የቆመው መኪና ዝገቱን ሳይደብቅ ያሳይዎታል። ለገዢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የተቀባውን ለመመርመር የበሩን ጎማ በጣትዎ ገለጥ ያድርጉ። ከጎማው ሥር የድሮው ቀለም ካለና ጎማው ላይ የአዲሱ ብናኝ ከታየ መኪናው ሳይፈታ ነው የተቀባው። ኮፈኑን ከፍተው ሽቦዎቹንና የቡሎን ራሶችን ይዩ፤ እነሱም ላይ ቀለም ካለ ሥራው የችኮላ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ትንሽ ማግኔት ያውጡ። ቀለም እንዳይቧጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልሉት። መጀመሪያ ጣራው መሃል ላይ ያስጠጉት። እዚያ ብዙ ጊዜ ላሜራው ጤነኛ ስለሆነ ማግኔቱ እንዴት እንደሚይዝ እጅዎ ይለምዳል። ከዚያ ወደ ታች ይውረዱ። ከፊት ጎማው ኋላ ያለውን የፓራፋንጎ የታች ጫፍ፣ ከበር ሥር ያለውን ላሜራ፣ ከጋቢናው ኋላ ያሉትን ሁለት የታች ማዕዘኖች፣ ካሶኒው (የኋላ ዕቃ መጫኛው) ላይ ከጎማው በላይ ያለውን ቅስት ይሂዱበት። ማግኔቱ መያዙ ከላላ ሥሩ ስቱኮ (ጉድጓድ መሙያ ልጥፍ) አለ። ጭራሽ ካልያዘ ደግሞ ስቱኮው ወፍራም ነው፤ ምናልባትም ከኋላው ብረት የለም። ስስ ስቱኮ በራሱ ነውር አይደለም፣ ደህና የቦዲ ሥራ ላይም አለ። የሚያስፈራው በብረት ቦታ የገባው ነው።

ስለ ዝገት በጣም የተለመደ አንድ አጉል ሐሳብ አለ፤ “ትንሽ እብጠት ናት፣ በብርጭቆ ወረቀት ትነሳለች” የሚል። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፣ ያውም በብዙ እጥፍ። ሁለት ላሜራ ተደራርቦ በተበየደበት ስፌት ውስጥ ውሃ ገብቶ ሲቀመጥ ዝገቱ እያበጠ ላሜራዎቹን ይለያያቸዋል። በበርና በማዕዘን ዙሪያ ከቀለሙ በላይ የምናየው እብጠት በአብዛኛው ከውስጥ ተነስቶ ወደ ውጭ የወጣ ነው። ሲቧጥጡት ቀዳዳ ይሆናል። እንዲያውም ከሚያዩት ቀዳዳ ዙሪያ ገና ያልተበሳ ግን የሳሳ ብረት አለ፤ ብየዳ የሚይዘው ከእሱ አልፎ ነው። ስለዚህ አንድ ሳንቲም የምታህል እብጠት ሲያዩ የእጅ መዳፍ የሚያህል ላሜራ ይቆረጣል ብለው ይገምቱ። መኪናው ለዓመታት ደረቅ ቦታ ላይ ቆሞ ከላይ ብቻ ቡናማ የሆነው ዝገት ግን ሌላ ነው። እሱ በእርግጥ ይነሳል።

ጋቢናው ውስጥ ምንጣፉን ያንሱ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ምርመራው እዚያው ላይ አለቀ። ምንጣፉ ሥር እርጥበት ካለ ከየት እንደመጣ ይፈልጉ። ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ ላይ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ቀስ ብለው ያፍስሱ። ውሃው በጎን ወደ ውጭ መውረድ አለበት። ወደ እግር ማሳረፊያው ከተንጠባጠበ ያ የተደበቀ ክፍል በስብሷል። እሱን ለመሥራት ፓራፋንጎ፣ አንዳንዴም ዳሽቦርድና የፊት መስታወት መውረድ አለበት። ከውጭ የማይታይ፣ ግን ሥራው ከባድ የሆነ ጉዳት ነው።

በሮቹንም በጥሞና ይዩዋቸው። በሩ ተዘግቶ ሳለ በእሱና በጋቢናው መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች በዓይንዎ ይከተሉ። ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ፣ ወይም የተገላቢጦሽ ከሆነ፣ አንድ ነገር ከቦታው ወርዷል። ለመለየት በሩን ከፍተው ጫፉን ወደ ላይ ያንሱት። ከተነቃነቀ ማጠፊያው ነው ያለቀው፤ ቀላል ነው። ምንም ካልተነቃነቀ ጋቢናውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙት ጎማዎች ወይም የተቀመጡበት ብረት አልቆ ሊሆን ይችላል። ጎማው ይቀየራል። ብረቱ ከሆነ ግን የጋቢናው ወለል ራሱ ይበየዳል።

ሻንሲው ላይ ከሌላው ሁሉ በላይ ጊዜ ይውሰዱ። አንድ ማሳሰቢያ፦ በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር በፍጹም አይግቡ። የብረት ድጋፍ ከሌለ መኪናውን ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ይውሰዱት ወይም ምርመራውን ለሌላ ቀን ያቆዩት። ከገቡ በኋላ ትንሽ መዶሻ ይዘው ከፊት ወደ ኋላ እየነካኩ ይሂዱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የበሰበሰው ግን ድምፁ የታፈነ ነው፣ ቅርፊትም ያረግፋል። ድምፁ የተለየበትን ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ይበሉት። ካቻቢቴው ከገባ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። በተለይ የባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ማንጠልጠያዎቹ የተያዙበትን፣ የመሪ ሳጥኑ የታሰረበትን፣ መስቀለኛ ብረቶቹ ከጎኖቹ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ይዩ። 620 ከፊት በኩል ባሌስትራ የለውም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ቶርሽን ባር ነው፣ እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ የብረት ዘንግ። የባሩ የኋላ ጫፍ የሚታሰርበት መስቀለኛ ብረት የፊቱን ሸክም ስለሚይዝ እዚያ ላይ ዝገት ካዩ እንደ ቀላል አይለፉት። ሻንሲው ሙሉ በሙሉ በአዲስ ሬንጅ ወይም በአዲስ ጥቁር ቀለም ከተሸፈነ ደግሞ ጥርጣሬዎን ይጨምሩ።

ቀጥተኛነቱን ለማወቅ ሜትር፣ ጠመኔና ቱምቢ (ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ገመድ) ይበቃሉ። ደልዳላ የሲሚንቶ ወለል ላይ መኪናውን ያቁሙ። ከሻንሲው ላይ በቀኝም በግራም አንድ ዓይነት የሆኑ የፋብሪካ ቀዳዳዎችን ይምረጡ፣ ሁለቱን ከፊት፣ ሁለቱን ከኋላ። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ቱምቢ አውርደው ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። መኪናውን ገፍተው ያንሱና ከቀኝ ፊት እስከ ግራ ኋላ፣ ከግራ ፊት እስከ ቀኝ ኋላ ይለኩ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው። ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ ከተለያዩ እንደገና ይለኩ። አሁንም ከተለያዩ ሻንሲው ተጣሟል፣ ምናልባትም አደጋ ደርሶበታል። ይህን ሥራ ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል፤ የሚሠራው ገዢ ግን ጥቂት ነው።

“ሻንሲ ይበየድ የለ?” ይሉኝ ይሆናል። ይበየዳል። አንድ ቦታ ላይ ያለ፣ ዙሪያው ጤነኛ የሆነ ቀዳዳ በአግባቡ ተቆርጦ በተመሳሳይ ውፍረት ብረት ይጠገናል። ዝገት ላይ ዝም ብሎ የተለጠፈ ላሜራ ግን ጥገና አይደለም። ከሥሩ ውሃ ይይዛል፣ ብስባሹ ይቀጥላል፣ ያየው ሰው ደግሞ ጠንካራ ይመስለዋል። የእኔ ድንበር ይህ ነው፦ ብስባሹ የመሪ ሳጥኑ ወይም የባሌስትራው መያዣ ላይ ከደረሰ፣ ወይም ሻንሲው በሁለቱም ጎን ከአንድ በላይ ቦታ ከተበሳ፣ መኪናው ለዕቃ ካልሆነ በቀር አይገዛም። ሌላ ሻንሲ መቀየር ይቻላል። ያኔ ግን የሻንሲው ቁጥር ከሰነዱ ጋር የሚጣላበት ነገር ይመጣል።

ቁጥሩን ካነሳን እዚሁ እንጨርሰው። ባለ 17 አሃዙ የሻንሲ ቁጥር በስፋት የተለመደው ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ስለዚህ የ1970ዎቹ 620 ላይ አጭር ቁጥር ቢያዩ አይደንግጡ፤ 620 የሚለው የሞዴል መለያም አብሮት ይኖራል። ሦስት ነገሮች አንድ መሆን አለባቸው፤ ሻንሲው ላይ የተመታው፣ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለው ሰሌዳ፣ ሊብሬው ላይ የተጻፈው። ሻንሲው ላይ ያለውን በሽቦ ብሩሽ አጽድተው በመብራት ያንብቡት። ዙሪያው የተሞረደ ወይም የተበየደ ከመሰለ፣ ፊደሎቹ መስመር ካልጠበቁ፣ ወይም ሻጩ “ቁጥሩ ዝጎ ጠፍቷል” ካለ ገንዘብ አይክፈሉ። ቁጥር መነካካት በብዙ አገሮች ወንጀል ነው። እርስዎ ባያደርጉትም ያደሱት መኪና በስምዎ ላይዞር ይችላል።

ቀጥሎ የዕቃው ሙሉነት። ብዙ ሰው “የጎደለው ከተጣለ መኪና ይገኛል” ይላል። ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ ክሮቼራ ይገኛል። የማይገኘው ሌላ ነው። የፊት ፍርግርጉ፣ የመብራት ክፈፎቹ፣ የዳሽቦርዱ ቆጣሪዎች፣ የመስታወት ማውረጃና ማውጫው፣ የበር እጀታዎቹ፣ የኋላ መስታወቱ፣ ዳትሰን የሚለው ስም ላሜራው ላይ ተጨፍልቆ የወጣበት የካሶኒው የኋላ መዝጊያ። የእነዚህን ዝርዝር ይዘው ይሂዱ፣ በእያንዳንዱ መኪና ላይ እየነኩ ያረጋግጡ። የተሰበረም ቢሆን ኦሪጅናሉ ካለ ይጠገናል ወይም ለናሙና ይሆናል። የጎደለ ሲሆን ግን ወራት ያስፈልጋል። የሁለተኛው መኪናዎ ዋጋ የሚለካው እዚህ ላይ ነው።

የሚነሳውን ሞተር ሲያዩ ቀዝቃዛ ሆኖ ያግኙት። ሲደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ። ሞቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ። ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ የማያቋርጥ ሰማያዊ ጭስ ካለ ፋሻው ደክሟል። ሲነሳ ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ጎማ ነው፣ ቀላል። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ካለ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ የቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን ይጠርጥሩ። የኤል ሞተር ቴስታታ አሉሚኒየም ስለሆነ ከመጠን በላይ ከሞቀ ይጣመማል። ኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት) ያስለኩ። ዝቅተኛው ሲሊንደር ከከፍተኛው ቢያንስ 80 በመቶ መሆን አለበት። ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ፤ ከጨመረ ፋሻ ነው፣ ካልጨመረ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን። ቆጣሪውን ግን ይርሱት። የዚያ ዘመን ቆጣሪዎች ብዙዎቹ ባለ 5 አሃዝ ናቸው፤ 100,000 ላይ ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። 61,000 የሚለው 161,000 ወይም 261,000 ሊሆን ይችላል።

የማይዞረውን ሞተር ግን በሞተሪኖ (በኤሌክትሪክ ማስነሻው) ወይም ጎትተው ለማስነሳት እንዳይሞክሩ። የተያዘ ፋሻ ይሰበራል፣ ሲሊንደሩም ይቧጠጣል። ካንዴላዎቹ ይፈቱ፣ በየቀዳዳው ስስ ዘይት ይጨመር፣ ጥቂት ቀን ይቆይ። ከዚያ የፊቱ ፑሌ ላይ ባለው ቡሎን በረጅም ቺያቤ ወዲያና ወዲህ በቀስታ ይሞከር። ቆሞ የተያዘ ሞተር ብዙ ጊዜ በዚህ ይላቀቃል። ሲሠራ ነክሶ የቆመ ከሆነ ግን ውስጡ ተጎድቷል። ስለዚህ ሻጩን “መቼ ቆመ?” ብቻ ሳይሆን “ለምን ቆመ?” ብለው ይጠይቁት። ቴስታታው መውረድ ካለበት ለሚሠራው ሰው አንድ ነገር ያስታውሱት። የካሙ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ሰንሰለት በሽብልቅ ሳይያዝ ጥርሱ ከወረደ የሰንሰለቱ ወጣሪ ከቦታው ይወጣል። ያኔ የሞተሩን የፊት ሽፋን መፍታት ይመጣል።

ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል፣ ፍሬንና ሽቦ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ለማደስ ሲገዙ እነዚህ ሁሉ ይፈታሉ። ሁለት ጥንቃቄ ብቻ። የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ዲስክ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ታምቡሩን ሲከፍቱ አቧራውን በኮምፕረሰር አያስነፉ፤ አርጥበው ይጥረጉት። የነዳጅ ታንኩ ቢያፈስም “ባዶ ነው” ተብሎ አይበየድ። ባዶ ታንክ ውስጥ የቀረው ትነት ነው የሚፈነዳው።

የምመክርዎ ሁለተኛውን ነው፤ ሁለት ነገር ካለፈ ብቻ። የቁጥሩ ጉዳይ ንጹሕ ከሆነና ሻንሲው ከመዶሻውና ከጠመኔው ፈተና ካለፈ ይግዙት። ሲደራደሩ ሞተሩን እንደሞተ ይቁጠሩት፤ ከተላቀቀ ትርፍዎ ነው። ከሁለቱ አንዱን ካላለፈ የመጀመሪያውን ለመግዛት አይቸኩሉ። እሱ የሚገዛው ማግኔቱ ታች ድረስ ጥሩ አድርጎ ከያዘና ሻጩ ከመቀባቱ በፊትና በሥራው መሃል የተነሳ ፎቶ ካሳየዎት ነው። ቦዲ በደንብ ያሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ፎቶ አለው። ሁለቱም ከወደቁ ሦስተኛ ይፈልጉ። 620 ከ1972 እስከ 1979 እ.ኤ.አ. የተመረተ መኪና ነው፣ እነዚህ ሁለቱ የመጨረሻዎቹ አይደሉም።

የገዙትን መኪና በራሱ ጎማ እየነዱ አያምጡት፣ የሚነሳውንም ቢሆን። የቆየ የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል፣ የፍሬን ሲሊንደሮቹም ከውስጥ ይዝጋሉ። ፍሬኑ በመጀመሪያው መርገጥ ሊይዝ፣ በሦስተኛው ሊጠፋ ይችላል። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ ላይ ያሉትን 4 አሃዞች ያንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2308 ካለ በ2008 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። 3 አሃዝ ብቻ ካለው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው፣ መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። ስለዚህ መኪናውን በሌላ መኪና ላይ አስጭነው ይውሰዱት፤ የጭነቱንም ክፍያ ከመጀመሪያው በበጀትዎ ውስጥ ይያዙት።